ባለወፍጮው ያሳዩኝ መንገድ

ሐምሌ 2016 ላይ አንዲት ጎረቤቴ ቡና መምጣት ተወች። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፤ ቡናው በተራ ነው፣ ተረኛዋ ስኳሩንም ቁርሱንም ትችላለች። የእሷ ተራ ሁለት ቀን ሲቀረው «አመመኝ» አለች። በሳምንቱ ደግሞ «ሥራ በዛብኝ»። ባሏ የጥበቃ ሠራተኛ ነው፣ ልጆቻቸው ሦስት ናቸው።

በዚያው ወር በ22 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ ዘይቱም ሳሙናውም ተከትሎት ወጣ። ይሄን ሁላችንም እናወራው ነበር። ያላሰብኩት ሌላውን ነው፦ ልጆቿ የሚማሩት መንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ ቁርስና ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ደመወዝ ምንም ሳይጨምር እቤት ውስጥ በቀን ስድስት ሳህን ተጨመረ ማለት ነው።

ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ሆነን የጤፍ ዱቄት፣ ዘይትና መኮሮኒ ገዛንና በቀን፣ ሰው እያየን በሯን አንኳኳን። በሩን ገርበብ አድርጋ ፈገግ አለች። «እኛ ደህና ነን እናንተዬ፣ ለቸገረው ስጡት።» ከኋላችን ደረጃው ላይ ሰዎች ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ድምፄን ከሰማች ከቤት አትወጣም ነበር። ገመናዋን አደባባይ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

መንገዱን ያሳዩኝ ባለወፍጮው ናቸው። ላስፈጭ ሄጄ የሆነውን ስነግራቸው «ልጄ፣ የተራበ ሰው እጁን አይዘረጋም፤ ኪሎውን ነው የሚቀንሰው» አሉኝ። 25 ኪሎ ይወስድ የነበረው አሥር ይላል፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሁለት። ጤፉ ላይ ማሽላ ወይ ሩዝ መደባለቅ ይጀምራል። በመጨረሻ ወረፋው ተበትኖ ሊመሽ ሲል ብቅ ይላል። እኛ አብረናት ስኒ እየተቀባበልን ያላየነውን እሳቸው ሚዛኑ ላይ ያዩታል።

ስለዚህ በእሳቸው በኩል ሄድን። እህልም ስለሚሸጡ፣ ሁለት ኪሎ ለሚሉት የቆዩ ደንበኞች «ለእናንተ በድሮው ዋጋ ነው» እያሉ አምስት ኪሎ ይሰጣሉ፤ ልዩነቱን እኛ እንከፍላለን። ስምንት ሴቶች ሆነን እያንዳንዳችን በወር 400 ብር ማዋጣት ጀመርን፣ 3,200 ብር ይሆናል። ሰዎቹ አቅማቸው የፈቀደውን ከፍለው፣ ቀና ብለው ይወጣሉ። ማን እንደሆኑ እኛ አንጠይቅም፣ እሳቸውም አይነግሩንም። ገንዘቡን በቴሌብር ልከን ወር ሲያልቅ የሚያሳዩን የኪሎውን ድምር ብቻ ነው።

ከሱቁም ጋር እንዲሁ ሞከርን፤ የአንድ ሰው ዱቤ ሙሉ በሙሉ ከፈልን። ሰውየው «ማነው የከፈለልኝ?» ብሎ ተቆጣ፣ ከሱቁም ቀረ። አሁን ከዱቤ መዝገቡ ላይ አንነካም። ባለሱቁ ለልጆች ዳቦ ሲሸጥ አንድ ይመርቃል፣ የምርቃቱን ሂሳብ እኛ እንሸፍናለን።

ዱቄት ለሁሉም እንደማይሆንም ያወቅነው ዘግይተን ነው። ምድር ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አባት አሉ፤ ዱቄት ቢሰጧቸው ምጣድ የላቸውም፣ ማን ያቦካላቸዋል? የምንጋግርበት ቀን የተለያየ ስለሆነ እያንዳንዳችን ስንጋግር አራት እንጀራ ጨምረን ከሽሮ ጋር እንልካለን። የሚያደርሰው ልጅ ነው። ልጅ «እማዬ ቅመሱ ብላለች» ሲል ጉርብትና ይሆናል፤ እኔ ይዤ ብሄድ ምጽዋት ይመስላል።

አንድ ጊዜ ብቻ ተጣልተናል። የአንዷ እህት ከአሜሪካ ብር ላከችና ሰዎቹ ሲቀበሉ ፎቶ እንዲነሱ ጠየቀች። ገንዘቡ ያስፈልገን ነበር፤ ቢሆንም እምቢ አልኩ። ጓደኛዬ አኮረፈችኝ። ለእህቷ የወፍጮ ቤቱን ደረሰኝ ላክንላት። እህቷ ግን ደውላ «ገብቶኛል» አለችኝ፣ መላኩንም አላቆመችም።

ጎረቤቴ ቡና መምጣት የጀመረችው ትምህርት ቤት ተከፍቶ ልጆቹ ምገባቸው ላይ ከተመለሱ በኋላ ነው። ያን ቀን ስለ በሩ ሁለታችንም አላነሳንም። ሁለተኛው ሲቀዳ ስኒዋን ተቀብዬ እኔው ቀዳሁላት።

ዘንድሮ መዋጮውን ከግንቦት ጀምረን ከፍ አድርገነዋል፣ ሐምሌ ባዶ እጃችንን እንዳያገኘን። ባለወፍጮው ባለፈው ቅዳሜ «ሊመሽ ሲል የሚመጡት ሁለት ጨመሩ» ብለውኛል። የሽንብራው ሽሮ ሳይወደድ ነገ ሄጄ እገዛለሁ።