አማቴ ያስቀመጡልኝ ቁራጭ

ሰሞኑን ሱቁ ሁሉ የጨረቃ ኬክ ደርድሯል። የጨረቃ በዓሉ ዦንግቺው ሊደርስ ነው። ከቻይና በዓላት እንደሱ የምወደው የለም። በጨረቃ አቆጣጠራቸው በስምንተኛው ወር በ15ኛው ቀን ስለሚውል ከእኛ መስከረም ብዙም አይርቅም።

በ2016 ዓ.ም. የዋለው በመስቀል ማግስት ነበር። ካገባሁ የመጀመሪያዬ ነው። ደቡብ ቻይና፣ ፎሻን ከተማ፣ የባለቤቴ ወላጆች ቤት፣ ሰገነቱ ላይ ጠረጴዛ ወጣ። ሻይ ተቀዳ፤ ጎደሬ ከነልጣጩ ተቀቅሎ ቀረበ። ጎደሬ! ቦንጋ ላደገ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያን ያህል ባሕር ተሻግሬ የእናቴን ምድጃ ያገኘሁ መሰለኝ። ልጆቹ ከትርንጎ የሚተልቀውን የፖሜሎ ልጣጭ እንደ ቆብ ደፍተው፣ ፋኖስ ይዘው ይሯሯጣሉ።

ኋላ አማቴ ኬኩን አመጡ። ውስጡ የሎተስ ፍሬ ተፈጭቶ በስኳር የታሸ ነው፤ መሐሉ ላይ በጨው የሰነበተ የዳክዬ እንቁላል አስኳል አለበት። በቆረጡ ቁጥር ቢላዋውን እየጠረጉ ስምንት ቦታ ከፈሉት። የተቀመጥነው ግን ሰባት ነን። ስምንተኛው ሻንጋይ የሚሠራው የመጨረሻ ልጃቸው ድርሻ ነው፤ ባይመጣም ይቆረጥለታል። አስኳሉ በየቁራጩ ላይ ወዙን አውጥቶ ያብረቀርቃል።

ቀኑ ዓርብ ነበር። እኔ ጾመኛ ነኝ።

የበዓል ቁራጭ አልበላም ማለት ከቤተሰቡ አልቆጠርም ማለት እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። ባለቤቴ በካንቶንኛ አስረዳቸው። አማቴ ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ ቁራጬን አነሱና ከልጃቸው ቁራጭ ጎን አስቀመጡት። «ነገ ማታ ጨረቃዋን እንከተላታለን፤ ያኔ ትበያለሽ» አሉኝ። ፎሻን ባለችበት ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ በ14ኛው ሌሊት ጨረቃን ይቀበላሉ፣ በ16ኛው ይከተሏታል። የአሥራ አምስቷ ጨረቃ የምትሞላው በአሥራ ስድስት ነው የሚል አባባልም አላቸው።

እናቴ ጋ ደወልኩ። እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ ቦንጋ ገና ከቀኑ 9። «እማዬ፣ ጨረቃ ወጥታለች?» ስላት «የምን ጨረቃ ነው አንቺ ልጅ፣ እህል አስጥቼ ፀሐይ እየጠበቅኩ» አለችኝ። አማቴ የምትለውን ባይሰሙም ስልኩን ተቀብለው ጨረቃዋን በካሜራ አሳዩዋት። እናቴ መረቀቻቸው። ባለቤቴ ምርቃቱን ሊተረጉም ሲሞክር መሐል ላይ ድምፁ ተቆረጠ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ቅዳሜ ማታ ያው ሰገነት ላይ ወጣን። ቁራጬ ጠርዙ ደረቅ ብሏል፤ ጣፋጩ ከአስኳሉ ጨው ጋር አፌ ውስጥ ሲቀላቀል አማቴ ፊቴን ያያሉ። ጨርሼ ሳህኑን ስመልስ የልጃቸው ቁራጭ ብቻውን ቀረ። ሌላ ሳህን ደፉበትና ወደ ቤት ይዘውት ገቡ።