የብረት ወረንጦው

ከምድጃው ያወጣሁትን ዱቄት ቀለም ዛሬም አልረሳውም። ዚንክ ኦክሳይድ ብቻውን ነጭ ነው፤ የሕፃናት ቅባት ውስጥ የሚገባው ያው ዱቄት ነው። ከመቶ የዚንክ አተሞች አምስቱን በኮባልት ተክቼ፣ ዝቃጩን አጥቤ አድርቄ፣ 400 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ባቆየው ግን እንደ ደረቀ ጌሾ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ቀለሙ ራሱ ምስክር ነው፤ ኮባልቱ በአራት ኦክስጅኖች መሀል የዚንኩን ቦታ መያዙን ይናገራል።

እኔን ያጓጓኝ ግን ማግኔትነቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ፖላንዳዊው የፊዚክስ ተመራማሪ ቶማሽ ዲትልና ባልደረቦቹ ማንጋኒዝ የተጨመረበት ዚንክ ኦክሳይድ በቂ የፖዘቲቭ ቻርጅ ተሸካሚ ካገኘ በክፍል ሙቀት ማግኔት ሊሆን እንደሚችል በስሌት አሳዩ። በዓመቱ የጃፓን ተመራማሪዎች ኮባልት ያለበት ቲታኒየም ኦክሳይድ ማግኔት ሆነልን አሉ። ከዚያ ወዲያ ጽሑፉ ጎረፈ። የኤሌክትሮኑን ቻርጅም ስፒኑንም (ኤሌክትሮኑን እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገውን ባሕርይ) የሚጠቀም ቺፕ መሥራት ማን ይጠላል? እኔም የማስተርስ ጥናቴን በዚሁ ላይ ጀመርኩ።

ላብራቶሪያችን የማግኔት መለኪያ ስላልነበረው ናሙናዎቹን በክኒን መልክ ጨምቄ ውጭ አገር ለሚማር ወዳጄ ላክሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግራፉ በኢሜይል መጣ። መሀሉ ላይ ቀጭን ቀለበት ይታያል። ከውጭ የተሰጠው የማግኔት መስክ ከጠፋ በኋላም ዱቄቱ ውስጥ ማግኔትነት ቀርቷል ማለት ነው፤ ፌሮማግኔት! ከፍታው በግራም 0.01 ኢሙ (የማግኔትነት መለኪያ አሃድ) ገደማ። ላፕቶፑን እንደተከፈተ ታቅፌ ወደ አማካሪዬ ቢሮ ሮጥኩ።

አማካሪዬ ግራፉን አይተው ዝም አሉ። ቆይተው «ባዶውንስ ልከሻል?» አሉኝ። ኮባልት የሌለበትን ዱቄት ማለታቸው ነው። ልኬ ነበር፤ ከደስታዬ ብዛት ግን ፋይሉን እንኳ አልከፈትኩትም። አብረን ከፈትነው።

ያው ቀለበት።

ፈተናው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ምንም ያልተጨመረበት ኦክሳይድም ኦክስጅን ሲጎድለው ማግኔት ይሆናል የሚሉ ብዙ ጽሑፎች አሉ። እነሱን ጠቅሼ፣ ርዕሴን በጥቂቱ ቀይሬ መመረቅ እችል ነበር። አማካሪዬ ግን እርሳስ አነሡ። የንጹሕ ብረት ማግኔትነት በግራም 218 ኢሙ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ማይክሮግራም ብረት 0.0002 ኢሙ ይሰጣል። ክኒኔ 20 ሚሊግራም ይመዝናል፤ ሲካፈል በግራም 0.01። «ግኝቴ» በሙሉ ይቺው ናት። አንድ ማይክሮግራም ብረት ደግሞ በሁሉም ጎኑ 50 ማይክሮሜትር የሆነ ፍርፋሪ ነው። ዓይን አያየውም ማለት ይቻላል።

«በምን ነበር ያነሣሽው?»

በብረት ወረንጦ ነበር። ዱቄቱንም የጫርኩት በብረት ማንኪያ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደብሊን ያሉ ተመራማሪዎች የሃፍኒየም ኦክሳይድ ስስ ንጣፍ ማግኔት መሆኑን ዘገቡ። በዓመቱ የአይቢኤም ተመራማሪዎች የራሳቸውን ንጹሕ ንጣፍ ሲለኩ ማግኔትነት አጡበት፤ በብረት ወረንጦ ሲይዙት ግን ምልክቱ መጣ። ያንን ባነበብኩ ቀን ለብዙ ሰዓት ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ሁሉም የታተመ ቀለበት ቆሻሻ ነው አልልም። ግን ባዶው ናሙና ያልተለካበትን ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ አምኜ አላውቅም።

ሁሉንም ከመጀመሪያው ሠራሁት። የፕላስቲክ ማንኪያ፣ የፕላስቲክ ወረንጦ፣ አጌት ከሚባል ጠንካራ ድንጋይ የተሠራ ሙቀጫ። ፈሳሹ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚያማስለውን ማግኔት ሳይቀር ተውኩት፤ ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው የነጩ ቴፍሎን ልባስ ጫፉ ላይ ተልጦ ውስጡ ጥቁር ሆኖ ነበር። በብርጭቆ ዘንግ ሁለት ሰዓት በእጄ አማሰልኩ፤ መዳፌ ውኃ ቋጠረ።

አዲሱ ግራፍ ሲመጣ ቀለበቱ የለም። የባዶው ዱቄት መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ኮባልት ያለበት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ ኮባልት ስፒኑን ይዟል፤ መስክ ሲመጣ ወደዚያ ያደላል፣ መስኩ ሲሄድ ሁሉም በየፊናው ይበተናል። አንድ ኦክስጅን ተጋርተው ጎን ለጎን የወደቁት ኮባልቶች ደግሞ ስፒናቸው በተቃራኒ ስለሚዞር እርስ በርስ ይጣፋሉ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ያለው ያ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የናሙና አዘገጃጀት የሚለው ክፍል መጨረሻ ላይም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «ናሙናዎቹ በማንኛውም ደረጃ በብረት መሣሪያ አልተነኩም።»