አምስት ሰከንድ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ የብስክሌት ውድድር እንዴት እንዳዘጋጀሁ

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ብስክሌት እወዳለሁ እንጂ ብስክሌተኛ አይደለሁም፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በዕድሜዬ አራት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱን የጨረስኩት ብስክሌቱን እየገፋሁ ነው። ስለዚህ በጥር 2012 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዘጠኝ ወጣቶች ሰብስቤ የሦስት ቀን ውድድር ሳዘጋጅ፣ ማንም ያልፈለገውን ሥራ ለራሴ አስቀረሁ፤ የሰዓት መዝገብ ያዥነቱን።

ነገሩ የተጠነሰሰው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ሦስት ሳምንት በሚፈጀው የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በሆነበት ሰሞን፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አዘውትረን በምንቀመጥበት ቡና ቤት ክርክር ተነሣ። «አንድም ቀን አንደኛ ያልገባ ሰው እንዴት አሸናፊ ይባላል?» ይላሉ ጓደኞቼ። እኔ ደግሞ የማውቀውን ይዤ ገባሁ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በየቀኑ የወሰደው ጊዜ ይመዘገባል፣ ወደ ማግስቱ ይዞራል፣ በመጨረሻ ድምሩ ያነሰው ያሸንፋል፤ የሒሳብ መዝገብ ማለት ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። ዓመት አልፎ እንግሊዛዊው ክሪስ ፍሩም እ.ኤ.አ. የ2017ን ቱር ከሃያ አንዱ ምዕራፍ፣ ማለትም ከሃያ አንዱ የቀን መንገድ፣ አንዱንም ሳያሸንፍ ሲወስድ ወሬውን ይዤላቸው ሄድኩ፤ «ይኸማ ፈረንጅ አገር ነው» አሉኝ። እንግዲያው እዚሁ አሳያችኋለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ለውድድሩ ያነሣሣኝ ከስፖርት ፍቅር ይልቅ ክርክር የመርታት ፍላጎት ነው።

መንገዱን በሦስት ምዕራፍ ከፈልነው። አርብ ከኮምቦልቻ ሐርቡ ደርሶ መልስ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተነሥተው። ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ በአንድ በሁለት ደቂቃ ልዩነት እየተነሡ ከሰዓት ጋር ብቻ የሚታገሉበት። እሑድ ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርገው 120 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ወልዲያ። የቅዳሜውን ብዙ ሰው ከደሴ ቁልቁል ይሁን ብሎኝ ነበር፤ ፍጥነቱ ለተመልካች ያምራል። ተሳቢ መኪና በማይጠፋበት በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ልጆች ፍሬን እያቃጠሉ ሲወርዱ ማየት ግን አልፈለግሁም። ሽቅብ ሲሆን የሚወድቅም ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚወድቀው። በሦስቱ ቀን ካደረግኋቸው ውሳኔዎች አንድም ቀን ያልተጸጸትኩበት ይኸ ብቻ ነው።

ዝግጅቱን አላስረዝመውም። ደብዳቤ ጻፍን፣ ማኅተም አስመታን፣ ከፊት ሞተር የሚነዳ ትራፊክ ፖሊስ ተመደበልን፣ ከኋላ የሚከተል ሚኒባስ ተከራየን፤ በውስጡም አንድ ጎሚስታ ከነመሣሪያው፣ ከነትርፍ ካላማዳሪያው ተቀመጠ። ሽልማቱ ሙክት በግ ነው። መሪው የሚለብሰውን ቢጫ ካናቴራ ከደሴ ፒያሳ ገዛሁ። ቱሩ ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመሪው የሚያለብሰው ማልያ ቢጫ የሆነው ውድድሩን ያዘጋጅ የነበረው ጋዜጣ በቢጫ ወረቀት ይታተም ስለነበር ነው ይባላል፤ የእኛው ካናቴራ ደግሞ ጀርባው ላይ የግድግዳ ቀለም ማስታወቂያ ነበረበት።

ከዘጠኙ ሦስቱን ብቻ ያዙልኝ። አንዱ ከደሴ የመጣ የስፖርት መምህር ነው፤ ዝምተኛና ቁጥብ ሰው። ሌላው ከሐይቅ የመጣ ጎልማሳ፣ በሜዳ ላይ የሚስተካከለው የሌለ፣ ዳገት ሲያይ ግን ፊቱ የሚለወጥ። ሦስተኛው የጎሚስታችን ረዳት ነው፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ብስክሌቱን ከሦስት አሮጌ ብስክሌቶች ገጣጥሞ የሠራ።

አርብ ዕለት ሰባት ሰዎች አንድ ላይ ተያይዘው መጡ፣ ሁለቱ ቀርተዋል። እኔም መስመሩ ላይ ቆሜ እያንዳንዱ ሲያልፍ የየራሱን ሰከንድ ጻፍኩ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልኩ። በትጋቴ ኮርቼ ነበር። ማታ ደንቡን እንደገና ሳነብ ግን ስህተቴ ታየኝ። በትልልቆቹ ውድድሮች ተያይዞ ለገባ ጭፍራ በሙሉ የሚመዘገብለት ከመካከላቸው ቀድሞ የገባው ሰው ሰዓት ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ እያንዳንዱ ለአንዲት ሰከንድ ብሎ መጨረሻው ላይ ሲጋፋ እርስ በርስ ይጠላለፍ ነበር። ሰርዤ ሰባቱንም እኩል አደረግኋቸው። አምስተኛ ሆኖ የገባው ተደሰተ፣ አንደኛ የገባው የሐይቁ ሰው ግን «ታዲያ ለምን ተሽቀዳደምኩ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለዚህም ደንቡ መልስ አለው፦ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት አሥር፣ ስድስትና አራት ሰከንድ ከድምር ሰዓታቸው ይቀነስላቸዋል። ይህንንም እንዳለ ገለበጥኩት። የሐይቁ ሰው አሥር ሰከንድ አተረፈ፣ ሦስተኛ የገባው መምህሩ አራት፣ የጎሚስታው ረዳት ምንም።

ልብ በሉ፤ ይህ የጉርሻ ሰከንድ የተበጀው ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ለሚነዱ ሰዎች ነው። እኔ ሁለት መቶ እንኳ ለማትሞላ መንገድ ሳልመጥን ወሰድኩት። ለድስት የተለካ ጨው ስኒ ውስጥ እንደ መጨመር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 1:30 ላይ ኮምቦልቻ የመጀመሪያውን ሰው ለቀቅን። ደሴ መግቢያ ላይ የሚመዘግበው ጓደኛዬ ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበርና የመጀመሪያውን ሰው መድረሻ 8:47 ብሎ ጻፈ። ሲቀነስ ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ! ሥቀን ስድስት ሰዓት አወረድን። የሁለቱ ስልኮች ሰዓት በጥቂት ሰከንድ ቢለያይም ልዩነቱ በሁሉም ላይ እኩል ስለሚያርፍ ይጣፋል፤ በዚህ በኩል እንቅልፍ አላጣሁም። እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው።

ሐረጎ ላይ አንድ ሽማግሌ ከቤታቸው ወጥተው መንገድ ዳር ቆመዋል። አንድ ወጣት አንገቱን ደፍቶ፣ እያለከለከ፣ ላብ እየወረደው አለፋቸው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላው፣ የጎሚስታው ረዳት፣ ዓይኑ ፊት ለፊት ፈጥጦ፣ ጥርሱን ነክሶ መጣ። ሽማግሌው ያዩት ነገር ግልጽ ነበር፤ አንዱ ሸሽቷል፣ ሌላው እያሳደደ ነው። ዱላቸውን አግድመው መሐል መንገድ ገቡ። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሽማግሌ ዱላ ካጋደመ አይታለፍም። ልጁ ወረደ፣ ቆሞ ተመከረ፣ እጅ ነሥቶ እንደገና ተነሣ።

ይህም ሆኖ ያን ቀን አሸነፈ። መምህሩን በሃያ አንድ ሰከንድ ቀደመው፤ የሐይቁ ሰው ከሦስት ደቂቃ በላይ ዘገየ። ልጁ ግን ደሴ እንደደረሰ ወደ እኔ መጥቶ «አንድ ደቂቃ ተወስዶብኛል፣ ይመለስልኝ» አለ። ያየ የለም፣ ሚኒባሱም በዚያ ሰዓት ኋላ ነበር። በደንባችን ላይ «ሽማግሌ ቢያስቆም» የሚል አንቀጽ የለም። ሰነድ የሌለው ወጪ አይመዘገብም ብዬ ከለከልኩት። እንዲያውም አሸንፏልና ምን ቸገረው አልኩ በልቤ። ቢጫውንም ካናቴራ ለበሰ፤ ከሰዓት ጋር በሚታገሉበት ምዕራፍ የጉርሻ ሰከንድ ስለሌለ፣ የመምህሩ የአርብ አራት ሰከንድ ተቀንሶ በድምር በአሥራ ሰባት ሰከንድ ይመራዋል።

እሑድ ማለዳ ቦሩ ሜዳ ላይ ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ነበር። ከዚያ ወደ ሐይቅ ሲወርዱ ፀሐይ ወጣች፣ ሰውም ወጣ፤ በየመንደሩ «አብሽር! አብሽር!» ይላል። ልጁ ለ120 ኪሎ ሜትር የያዘው ምግብ ሁለት ሙዝ ሲሆን ሁለቱንም ሐይቅ ሳይደርስ በልቷቸው ነበር። መምህሩ በየግማሽ ሰዓቱ ከኪሱ የበሶ ጭብጦ እያወጣ ይጎርሳል፤ ሳይርበው። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ «ይኸ ሰው ሆዳም ነው» ማለቴ ትዝ ይለኛል። ከውጫሌ ወዲያ አህዮች ጭድ ተጭነው መንገዱን ሞልተውት ሁሉንም ለአንድ አፍታ አስቆሟቸው፤ በዚህ ማንም አልተከሰሰም።

ወደ መርሳ ቆላው ሙቀት ሲገቡ ልጁ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ጡንቻው ስኳሩን ጨርሷል፤ እግሩ ይዞራል ነገር ግን ብስክሌቱ አይሄድም። መምህሩና የሐይቁ ሰው ሁለት ደቂቃ ጥለውት ሄዱ። እነሱ ደግሞ ተራ በተራ እየተፈራረቁ ነበር የሚነዱት። ከኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ነፋሱን የፊተኛው ስለሚሰብርለት ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ይቆጥባል፤ ብቻውን የቀረ ግን ከሁለት ሰው ጋር መታገሉ ነው። ባለሙያዎቹ በየቡድናቸው ስምንት ሆነው የሚሰለፉትና ሰባቱ ለአንዱ የሚደክሙት ለዚህ ነው። እኛ ቡድን አልነበረንም፤ ስለዚህ ሁለቱ መንገድ ላይ ቡድን ሠሩ። ማናቸውም አምነው ባይነግሩኝም ስምምነቱ ገብቶኛል፦ የሐይቁ ሰው ምዕራፉን ያሸንፍ፣ መምህሩ ሰዓቱን ይውሰድ። ጎሚስታው «ተመሳጥረዋል!» እያለ የሚኒባሱን በር ይደበድባል። በትልልቆቹም ዘንድ የኖረ ነገር ነው ብለው አልሰማኝም።

መርሳ ላይ ፍራፍሬ የሚሸጡ ሴቶች ልጁን አስቁመው ማንጎና ብርቱካን አጎረሱት። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወደ ወልዲያ በሚያዘግመው ዳገት ላይ ያ ከሦስት ብስክሌት የተገጣጠመ ብስክሌት እንደገና መሄድ ጀመረ። ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ አንድ ደቂቃ፣ ሠላሳ ሰከንድ እያለ ወረደ። ወልዲያ መግቢያ ላይ ጀርባቸውን አይቷል። የሐይቁ ሰው አንደኛ፣ መምህሩ ጎማ ለጎማ ተከትሎት ሁለተኛ፣ ልጁ ከሃያ ሰከንድ በኋላ ሦስተኛ ገባ።

ሕዝቡ የሐይቁን ሰው በትከሻው ተሸከመ። እኔ ሚኒባሱ ውስጥ ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ እንደገና ደመርኩ። ልጁ ይመራ የነበረው በአሥራ ሰባት ሰከንድ፤ መምህሩ መንገድ ላይ ሃያ አተረፈበት፤ በጉርሻ ስድስት ለመምህሩ፣ አራት ለልጁ፣ ሁለት ተጨማሪ። ሃያ ሁለት ሲቀነስ አሥራ ሰባት። መምህሩ በአምስት ሰከንድ አሸነፈ፤ አንድም ቀን አንደኛ ሳይገባ። ክርክሬን ረታሁ። በጉን ለመምህሩ ስሰጥ ሕዝቡ ሌባ አለኝ።

በ1989 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ፈረንሳዊውን ሎሮን ፊኞን ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከነዱ በኋላ በስምንት ሰከንድ ሲያሸንፈው፣ ያን ስምንት ሰከንድ የያዘው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነበር። የእኔን አምስት ሰከንድ የያዝኩት እኔ ነኝ። ማታ ወልዲያ ሆቴል አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የጉርሻውን ሰከንድ በሙሉ አውጥቼ እንደገና አሰላሁት፤ ልጁ በአንድ ሰከንድ ያሸንፋል። ቱር ደ ፍራንስ ራሱ ከ1905 እስከ 1912 እ.ኤ.አ. ሰዓት መደመሩን ትቶ በነጥብ ይዳኝ ነበር፤ ለመቆጣጠር ይቀላልና። ምክንያታቸው ያን ሌሊት ነው የገባኝ። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ለሦስት ቀን መንገድ ጉርሻ አታድርግ፣ መንገድ ላይ ለሚደርስ መሰናክል ማን እንደሚፈርድ ከመነሻው በፊት ጽፈህ አስፈርም፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚበላ ነገር አስይዘህ መብላቱንም ተመልከት፣ በሐረጎ ላይም ቢያንስ ሁለት ታዛቢ አቁም እለዋለሁ።

በየካቲት ሐረጎ ወጣሁ፤ በሚኒባስ። ሽማግሌውን አገኘኋቸው። «አባባ፣ ያን ልጅ ምን ያህል ጊዜ አቆሙት?» ብላቸው «ምን ያህል? ሁለት ቃል ነው የተናገርኩት» አሉኝ። ያሉትን እንዲደግሙልኝ ለምኜ ስልኬን አወጣሁ። ዱላቸውን አግድመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፦ «ተው ልጄ፣ ደም ደም ነው የሚወልድ፤ እሱም የእናት ልጅ ነው፤ ነገሩን ለሽማግሌ ስጥ።» አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ለማረጋገጥ አንዴ እንዲደግሙልኝ ጠየቅሁ። በሁለተኛው ላይ ምርቃት ጨመሩበት፤ ሃያ ስድስት ሆነ።

ሁለቱንም ቁጥር በመዝገቡ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፍኩና ኮምቦልቻ ወርጄ ለልጁ አሳየሁት። የጎማ ልጣፍ በእጁ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ አየውና «ጋሼ፣ መርቀውኝ ነበር» አለኝ፤ «ሃያ ስድስቱን ይያዙልኝ።»