ዋይፋዩ እናቴ ክፍል ድረስ እንዲደርስ

እናቴ የእሑድን ቅዳሴ በዩቲዩብ የምትከታተለው ከቤቱ በስተኋላ ባለው መኝታ ክፍሏ ነው። ጉልበቷን እያመማት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቃታት ወዲህ ይህ ሥርጭት ትልቅ መጽናኛዋ ሆኗል፤ ሆኖም ለወራት ያህል ምስሉ በየጥቂት ደቂቃው እየቆመ ዜማው መሃል ላይ ይቋረጥባት ነበር። እኔም የፍጥነት ማነስ መስሎኝ የኢንተርኔቱን ጥቅል ከ10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ወደ 25 አሳደግሁ። የወር ክፍያው ጨመረ እንጂ ሥርጭቱ አልተሻሻለም።

ከዚያ በኋላ ነው ስልኬን ይዤ ከክፍል ክፍል እየዞርሁ የለካሁት። ሳሎን ውስጥ ዋይፋዩን በሚያሰራጨው መሣሪያ፣ በራውተሩ፣ አጠገብ ፍጥነቱ 24 ሜጋ ቢት ሲሆን፣ እናቴ ክፍል ግን 2 እንኳ አልሞላም። ጥርት ያለ ምስል ለማሳየት 5 ሜጋ ቢት ገደማ ስለሚበቃ የቀድሞው ጥቅል ራሱ ይተርፈን ነበር። እስከ ቤታችን የደረሰው ኢንተርኔት ቤቱን ማቋረጥ አቅቶት ኖሯል።

የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳይ ነጻ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫንሁና እዚያው ክፍል ስመለከት ኔጌቲቭ 79 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) አነበብሁ። ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል፤ ያለ መቆራረጥ ቪዲዮ ለማየት ኔጌቲቭ 67 አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ልዩነቱ 12 ብቻ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ መለኪያ እያንዳንዱ 10 ቁጥር የ10 እጥፍ ኃይል ልዩነት ማለት ነው፤ ስለዚህ የጎደለን ቀላል አልነበረም።

ምክንያቱም ግልጽ ሆነልኝ። ራውተሩ ከቡፌው ኋላ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከእርሱ እስከ እናቴ ክፍል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ፣ ፌሮ የታሰረበት የኮንክሪት ኮለንና ማቀዝቀዣው ይገኛሉ። ብረት ሲግናልን ወደ መጣበት ይመልሳል፣ ወፍራም ኮንክሪት ደግሞ አብዛኛውን ውጦ ያስቀራል። ኢንተርኔቱን ከውጭ የሚያመጣው የፋይበር መስመር የሚገባበትን ሳጥን ግን አልነካሁም፤ የፋይበር መስመር ውስጡ ቀጭን መስታወት በመሆኑ አጥብቆ ማጠፍ ይጎዳዋል። ከሳጥኑ የሚወጣውን የኔትወርክ ኬብል በረጅም ለውጬ ራውተሩን ብቻ ወደ ኮሪደሩ ወሰድሁና ከሰው ቁመት ከፍ አድርጌ ሰቀልሁት። ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ 70 መጣ።

አዲሱ ራውተር 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ስላለው ሁሉንም መሣሪያ በእርሱ ማገናኘት ይሻላል የሚል ምክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ከራውተሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ላለ ቴሌቪዥን ምክሩ ትክክል ነው፤ ግድግዳ ሲበዛ ግን ሌላው ሞገድ፣ 2.4 ጊጋ ኸርዝ፣ አልፎ የመሄድ አቅሙ የተሻለ ነው። የእርሱ ችግር የጎረቤቶች መጨናነቅ ነው፤ በሠፈራችን አብዛኛው ራውተር ቻናል 6 ላይ (ቻናል ማለት በሞገዱ ውስጥ ያለ የማስተላለፊያ መስመር ነው) ስለነበር የእኛን ወደ 11 አዛወርሁት። የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ በመካከል ያለውን መምረጥ ለሁለት ወገን መረበሽ ነው።

ከእናቴ ቴሌቪዥን ጀርባ የተሰካችው፣ ዩቲዩብን በዋይፋይ የምታመጣው ትንሿ የሥርጭት መቀበያም በስክሪኑ ብረት ተጋርዳ ነበር። በአጭር የኤችዲኤምአይ መቀጠያ ወደ ጎን ሳወጣት ኔጌቲቭ 64 ሆነ፤ ቅዳሴውም ሳይቆም እስከ መጨረሻው ተላለፈ።

የማይንቀሳቀስ መሣሪያ በኬብል ቢገናኝ እንደሚሻል ግን አጥብቄ አምናለሁ። ስለዚህ በቀጣዩ ሳምንት 18 ሜትር የኔትወርክ ኬብል በኮርኒሱ ላይ አሳልፌ፣ የኔትወርክ መሰኪያ ላለው ለቴሌቪዥኑ ለራሱ አስገባሁለት። ይህ ዓይነቱ ኬብል እስከ 100 ሜትር ስለሚሠራ ለመኖሪያ ቤት ርዝመት አያሳስብም። አሁን እናቴ ክፍል የምለካው ፍጥነት ከሳሎኑ ጋር እኩል ነው።

ኬብል ልዘረጋበት ያልቻልሁት ግቢው ውስጥ ያለው ሰርቪስ ቤት ብቻ ነው። ለእርሱ የሲግናል ማራዘሚያ ገዛሁ፤ ማራዘሚያው የሚያስተላልፈው የተቀበለውን ብቻ ስለሆነ ሲግናሉ በደከመበት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሳይሆን ገና ጠንካራ በሆነበት በኩሽናው መስኮት አጠገብ ሰካሁት። በአንድ ሬዲዮ እየተቀበለ በዚያው ስለሚልክ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ለአንድ ቴሌቪዥን ግን በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።