የእሳት አደጋ መኪና ሰፈራችን ይገባል?

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ፈተና ሆኖ ነበር። እኛ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለነው ከዚያ አንሻልም። ጭቃ ቤት፣ የማዳበሪያ ኮርኒስ፣ የተነካካ ጣሪያ። አንዱ ከተያያዘ ለሌላው ፋታ የለም። ስለዚህ ጉዳዩን እድራችን ላይ አነሳሁት።

ብዙው ሰው "ማጥፊያ እንግዛ" አለ። እኔ "መጀመሪያ መንገዱን እንለካ" አልኩ። የእሳት አደጋ መኪና ወርዱ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ልክ ገመድ ቆርጠን፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ከአስፋልቱ ጀምረን ወደ ውስጥ ወጥረነው ገባን። ገመዱ በረገበበት ሁሉ የሰው ኑሮ አለ፤ የማገዶ ክምር፣ ወደ መንገድ የወጣ የቆርቆሮ ማድቤት፣ የእማማ አስካለ የከሰልና የሽንኩርት መደብ።

"እንጀራዬን ልትዘጋው ነው ልጄ?" አሉኝ እማማ።

እውነታቸውን ነው። ሌላ ቦታ ሳይሰጡ "አንሱ" ማለት ግፍ ነው። የእድሩ ዕቃ ቤት ፊት ለፊት ቦታ ተገኘ፤ ልጆቹ መደቡን ተሸክመው ወሰዱላቸው። ከዚያ በኋላ ሌላውም ሳይጎተጎት አነሳ።

ቀጥሎ መብራቱ። እዚህ በአንድ ቆጣሪ ብዙ አባወራ ይጠቀማል። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር አካባቢ ማለት ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን፣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ ሁለት ምጣድ ከበራ ሽቦው ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል። አንዱ ግቢ ውስጥ ያየሁት ሶኬት ጠርዙ ጠቁሮ፣ ዙሪያው የተለጠፈው ጋዜጣ ቡናማ ሆኖ ነበር። ኤሌክትሪሺያን አምጥተን የምጣዶቹን መስመር በወፍራም ሽቦ አስቀየርን፣ ብሬከር አስገጠምን። ሴቶቹ ደግሞ የመጋገሪያ ተራ አወጡ። ከሁሉም የሠራው እሱ ይመስለኛል።

ማጥፊያው በመጨረሻ ተገዛ። በኤሌክትሪክና በዘይት እሳት ላይ ውሃ እንዳይደፋ ለልጆችም ነገርን። የእሳት አደጋ ስልክ ቁጥሩ 939 በየግቢው በር በቀለም ተጻፈ፤ ከሥሩም ደዋዩ የሚናገረው አቅጣጫ። የደነገጠ ሰው የገዛ ቤቱን መንገድ ማስረዳት ይቸግረዋል። አስፋልት ድረስ ሮጦ መኪናውን የሚቀበል ልጅም በየግቢው ተመድቧል።

አንድ መታጠፊያ ላይ ያለው የድንጋይ አጥር ግን እስካሁን አልተነሳም። ለወረዳው ደብዳቤ አስገብተናል። ከዚያ ወዲያ ላሉት ቤቶች እድሩ ረጅም የውሃ ጎማ ለመግዛት እያዋጣ ነው።