የድሮ የሊቱዌኒያ ፎቶን ዘመን ከባንዲራው ማንበብ

የሊቱዌኒያ የድሮ ፎቶ መቼ እንደተነሣ ለማወቅ ከሰዎቹ አለባበስ በፊት ባንዲራውን እዩ። ቀኖቹንና ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1940 ሶቪየት ኅብረት አገሪቱን ስትይዝ፣ ቢጫ አረንጓዴ ቀዩ ባንዲራ ወርዶ ሙሉ ቀይ ተሰቀለ። በላይኛው ጥግ፣ በምሰሶው በኩል፣ የወርቅ ቀለም ያለው መዶሻና ማጭድ አለ፤ ከበላዩ የሪፐብሊኩ ስም በላቲን ፊደል ተጽፏል። ጽሑፍ ካያችሁ ፎቶው ከ1953 ለውጥ በፊት የተሠራ ባንዲራ ይዟል።

ሞስኮ በ1947 ሪፐብሊኮቹ የየራሳቸው መለያ ያለው ባንዲራ እንዲያወጡ አዘዘች፤ የሊቱዌኒያው በሐምሌ 1953 ጸደቀ። ቁመቱን ለ12 ክፈሉት፤ 8ቱ እጅ ቀይ፣ 1ዱ ነጭ፣ 3ቱ አረንጓዴ ነው። ርዝመቱ የቁመቱ እጥፍ ነው። ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባንዲራ ብትሰፉ፣ ርዝመቱ 240፣ ቀዩ 80፣ ነጩ 10፣ አረንጓዴው 30 ይሆናል። ነጩንና አረንጓዴውን እኩል አድርጎ መሣል ባንዲራውን ያበላሸዋል፤ ነጩ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ጽሑፉ ቀርቶ ከመዶሻና ማጭዱ በላይ ወርቅማ ጠርዝ ያለው ቀይ ኮከብ ገባ። ከቀድሞው ሦስት ቀለም ቢጫው እንደ መደብ ጠፋ።

የሶቪየት ዘመኑ የላትቪያና የኢስቶኒያ ባንዲራ ከታች ማዕበል ስላለው አያምታታም። የሚያስቸግረው የታጂኪስታን ነው፤ እሱም ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ አለው። ልዩነቱ ከአረንጓዴው በታች ቀዩ መመለሱ ነው። ስለዚህ የታችኛው ጠርዝ ከታጠፈ ወይም ከፎቶው ከተቆረጠ አትፍረዱ።

ቢጫ አረንጓዴ ቀዩ ሦስት ቀለም በእነዚያ ዓመታት የተከለከለ ነበር፤ ሆኖም የ1918ቱ የነፃነት አዋጅ መታሰቢያ በሆነው የካቲት 16 በድብቅ የሚሰቅሉት ነበሩ። ምን ያህል ድፍረት ይጠይቅ እንደነበር አስቡት! በ1988 ግን ለነፃነት በታገለው በሳዩዲስ ሕዝባዊ ንቅናቄ ሰልፎች በግልጽ ተውለበለበ። ጥቅምት 7 በቪልኒየስ የጌዲሚናስ ግንብ ላይ ወጣ፤ ኅዳር 18 የሪፐብሊኩ ሕጋዊ ባንዲራ ሆነ። ነፃነቱ ዳግም የታወጀው መጋቢት 11 ቀን 1990 ነው። ስለዚህ «ሦስት ቀለም ካለ ከነፃነት በኋላ ነው» ማለት ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ በሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሆኖ ተውለብልቧል።

ከኛ ጋር ቀለሙ አንድ ቢሆንም ዝምድና የለውም። የኛ ቢጫ መሀል ነው፣ የእነሱ ከላይ። የእነሱ ቁመትና ርዝመት እስከ 2004 1 ለ 2 ነበር፣ ከዚያ ወዲህ 3 ለ 5 ነው። የሶቪየት ጦር በጥር 1991 በቪልኒየስ ያደረሰውን ጥቃት በሚያሳይ ትዕይንት ላይ አጠር ያለው ባንዲራ ካለ፣ ጨርቁ የኋላ ነው።