የወተት ቤት

ሰሞኑን ሆዴ ይባባል። የሆንኩት ነገር የለም። ሥራው እንደነበረ ነው፣ ጤናዬም ደህና ነው። ግን ማታ ማታ አንድ ነገር መጥቶ ደረቴ ላይ ቁጭ ይላል። እንዲህ ሲያደርገኝ ሳይክሌን መኪና ላይ ጭኜ ሞርቫን መሄድ ለምዶብኛል። እሁድም ሄድኩ።

ሞርቫንን እዚህ ስንቴ እንዳነሳሁት ታውቃላችሁ። ከፈረንሳይዋ ዲጆን ወደ ምዕራብ፣ ከወይን እርሻው ወዲያ ጉብ ብሎ የቀረ የግራኒት አገር ነው። ትልቁ ተራራ ኦ ፎለን 901 ሜትር ነው። በእኛ አገር ልክ ቆላ ይባላል። እግር የሚጨርሰው ከፍታው ሳይሆን የዳገቱ ብዛት ነው። ወጣሁ ሲሉ መውረድ፣ ወረድኩ ሲሉ መውጣት። የእኔ መንገድ ከሶልዮ ይነሳና በአሊኚ፣ በሙ አድርጎ ሌ ሴቶን ሐይቅን ዞሮ ይመለሳል። ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አስፋልቱን በተቻለኝ መጠን እሸሸዋለሁ። የምወደው ፒስታውን ነው።

ጠዋት ዘንቦ ነበር። ጎማዬ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ካላማዳሪያ የለውም። ነፋሱን ቀነስ አድርጌለታለሁ። እንደዚያ ሲሆን ኮረቱ ላይ አይዘልም፣ ተጭኖት ይሄዳል። የጫካው መንገድ ግንድ ለሚጭኑ መኪናዎች የተሠራ ስለሆነ ኮረቱ ትልልቅ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በድንገት ከያዙ ያንሸራትታል። መሪውን ለቀቅ፣ ወገብን ወደ ኋላ፣ ዓይንን ወደ ፊት። ሌላ ነገር ለማሰብ ፋታ አይሰጥም፣ ለዚህም ነው የምወደው። በግራና በቀኝ ዳግላስ የሚሉት ጥድ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ ድንገት ጫካው ያልቅና የተመነጠረ ኮረብታ ይመጣል። ጉቶ ብቻ። ግንዱ መንገድ ዳር ተከምሮ የሙጫው ሽታ ከሩቅ ይቀበላል።

አሊኚን ካለፍኩ በኋላ ውሃ አለቀብኝ። እዚህ አገር ሳይክለኛ ውሃ ሲያልቅበት መቃብር ቦታ ነው የሚፈልገው። ለአበባ ማጠጫ ብለው ቧንቧ ስለሚያስገቡ። ያገኘሁት ቧንቧ ግን «የማይጠጣ» የሚል ተለጥፎበታል። እንደቆምኩ ከመንገዱ ማዶ አጥር የሚከረክሙ አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ። ኮዳዬን ተቀብለው ወደ ወጥ ቤታቸው ገቡ። እስኪመለሱ ቤቱን ሳይ ቆየሁ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ። ጣሪያው ጥቁር የሰሌዳ ድንጋይ። ከበሩ በላይ 1884 ተብሎ ተፈልፍሏል። የአራቱ ጭራ ከሌሎቹ ቀጠን ይላል፤ ጠራቢው መጨረሻው ላይ ቦታ ያነሰው ይመስላል።

ቤትዎ ያምራል አልኳቸው።

«የወተት ቤት ነው» አሉኝ።

ዓይኔ ወደ ግጦሹ ሄደ። ነጫጭ ላሞች ተኝተው ያመሰኳሉ። ድሮ ወተት ትሸጡ ነበር እንዴ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እነዚህ ሻሮሌ ናቸው፣ የሥጋ ከብት ናቸው፣ ማን ያልባቸዋል አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። የአያታቸው እናት ወተት ነው። አራስ ልጇን ለእናቷ ትታ ፓሪስ የሀብታም ልጅ ልታጠባ ሄደች። ሁለት ጊዜ ነው የሄደችው፣ በሁለት ወሊድ። በመጀመሪያው መሬቱ ተገዛ፣ በሁለተኛው ቤቱ ተሠራ። ይህን ሲነግሩኝ የአየር ሁኔታ እንደሚያወሩ ነበር። አካባቢው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነውና።

አመስግኜ ተነሳሁ። ሁለት ሦስት መቶ ሜትር እንደሄድኩ ወረድኩ። እግሬ እምቢ አለ። ሐይቁን ትቼ ሳይክሌን ወደ አሊኚ መለስኩት።

አሊኚ ውስጥ የእነዚህ ሴቶች ሙዚየም አለ። በ2016 ነው የተከፈተው። ስንት ጊዜ በደጁ አልፌያለሁ፣ ገብቼ ግን አላውቅም። የአጥቢዎችና የመንግሥት ልጆች ሙዚየም ይባላል። ሴቶቹ ወደ ፓሪስ ሲወርዱ፣ ከፓሪስ ደግሞ የተጣሉ ሕፃናት ለማደጎ ወደዚህ ይላኩ ነበር። «ትንንሽ ፓሪሶች» ይሏቸዋል። አንዱ መንገድ ላይ ወተት ይወርዳል፣ በዚያው መንገድ ልጅ ይወጣል።

ብዙ የቆምኩት ፎቶዎቹ ጋ ነው። በስቱዲዮ የተነሱ ናቸው። ሴትየዋ ካባ ለብሳለች፣ ከቆቧ ላይ ረጅም ሪባን እስከ ታች ይወርዳል። ጭኗ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ተቀምጧል። ዳንቴል ለብሷል፣ ወፍሯል። እሷ ቀጥ ብላ ካሜራውን ታያለች። ፎቶው አገር ቤት ይላካል።

ይህን ፎቶ አውቀዋለሁ። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ነው ያደግኩት ከእሱ ጋር። ሪባን የለውም፣ ሽርጥ ነው ያለው። ከኋላ ሰማያዊ ሶፋ ይታያል። ልጁ የእትዬን ጣት በእጁ ሙሉ ይዟል። እማ በላስቲክ ሸፍና ሰቅላው ነበር፣ ጭስ እንዳያጠቁረው።

እትዬ ማን እንደሆነች የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የወለደችኝ ናት። አጎቶቼና አክስቶቼ እትዬ ሲሏት ሰምቼ እኔም እትዬ አልኳት። እማ ያልኩት አያቴን ነው። ማንም አላረመኝም።

ማታ ቤት ገብቼ እስከ ሌሊት አነበብኩ። በ1874 በሩሰል ስም የሚጠራ ሕግ ወጥቷል። ልታጠባ የምትሄድ ሴት ከከንቲባ ወረቀት ማውጣት ነበረባት። ወረቀቱ የራሷ ልጅ በሕይወት መኖሩንና ሰባት ወር መሙላቱን ይናገር ነበር። ካልሞላ ሌላ ሴት እያጠባችው መሆኑን። ይህ ሕግ የወጣው ሕፃናት እያለቁ ስለነበር ነው። የከተማውም ልጅ፣ የተተወውም ልጅ። ገጠር የቀረው የላም ወተት ነበር የሚጠጣው፣ ያኔ ደግሞ ጡጦ ማፍላት የሚያውቅ አልነበረም። ሰባት ወር የሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ። አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስንት ወር ይበቃል ብሎ አስቦ፣ ሰባት ብሎ ጻፈ።

እትዬ ቤሩት ስትሄድ እኔ ዓመት ከስምንት ወሬ ነበር። በዚያ ሕግ ቢሆን ታልፍ ነበር። ቪዛው መጣ የተባለ ቀን እማ እሬት ቀጥቅጣ የእትዬ ጡት ላይ ቀባች። ሦስት ቀን አለቀስኩ አሉ። በአራተኛው ቀን በሽሮ ፈትፍተው ሲያጎርሱኝ ዝም አልኩ። በሳምንቱ ሄደች።

እዚያ ስትደርስ ማዳም አራስ ናት። ልጁን ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ የያዘችው እትዬ ነች። በጡጦ ነው ያሳደገችው። አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። «ውሃ» ነበር ያለው። ይህን ከዓመታት በኋላ እሷው በስልክ ለእማ ስትነግራት ሰምቻለሁ፣ ስቃ ነው የነገረቻት። የስድስት ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የሳቋን ድምፅ የለመድኩት በስልክ ነው።

በዚያ ብር ቤቱ ተሠራ። ሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ በላይ። ቆርቆሮ ክዳን፣ አራት ክፍል፣ አረንጓዴ የብረት በር። ከዚያ በፊት ሣር ክዳን ነበርን። ሞርቫንም ልክ እንደዚሁ ነው፤ ሴቶቹ ገንዘብ ይዘው እስኪመለሱ ቤቱ ሣር ክዳን ነበር፣ ከዚያ ጣሪያው ድንጋይ ሆነ። የእኛን ሰፈር ከላይ ሆኖ ላየ፣ ቆርቆሮው ሁሉ አንድ አንድ ሴት ነው። ሰው የአረብ አገር ቤት ነው የሚለው። ሽማግሌው ያሉትን ስም ግን እስከ እሁድ ድረስ የሚያውቅልኝ አልነበረም።

ሐይቁን አሁን ላስታውሰው እንጂ። ሌ ሴቶንን። ስሙን ታፔላ ላይ ሳየው ሁልጊዜ «ሴቶች» ብዬ ነው የማነበው። የሰው ሥራ ነው፣ ግድቡ ያለቀው በ1858 ነው። ያሠሩት እንጨት ለማንሳፈፍ ነው። ፓሪስ የምትሞቀው በሞርቫን እንጨት ነበር። ግንዱ ተቆርጦ የባለቤቱ ምልክት ይመታበትና ወንዝ ውስጥ ይጣላል። ውሃው ሲለቀቅ በኪዩር ወንዝ ወርዶ ዮን ወንዝ ይገባል፣ መንገድ ላይ እንደ ታንኳ እየታሰረ በሴን ፓሪስ ይደርሳል።  ከዚህ አገር ፓሪስ ያልወሰደችው የለም ማለት ነው። እንጨቱ ላይ እንኳን የባለቤቱ ምልክት ይመታበታል።

አንድ ነገር ግን ከእሁድ ጀምሮ አልለቀቀኝም። የሞርቫኖቹ ሴቶች ወተታቸውን ለሌላ ልጅ ሰጡ። ክፉም ይሁን ደግ፣ ወተቱ ሄዷል። እትዬ ግን ጡት ባስጣለችኝ በሳምንቱ ነው እዚያ የደረሰችው። ሰው ቤት፣ ቋንቋውን በማታውቀው አገር፣ አራስ ልጅ እቅፏ ላይ ያለቅሳል። ሕፃን ሲያለቅስ ደግሞ ጡት ይሞላል፣ ልብስ ያረጥባል፣ የማንም ልጅ ቢሆን። የእሷስ? ሌሊት መታጠቢያ ቤት ገብታ አልባ ደፋችው? በነጠላዋ ጨምቃ አሰረችው? ስንት ቀን ወሰደ? ማዳም አይታባት ይሆን?

አሁን አገሯ ናት፣ በዚያው ቤት። ዛሬ ማታ በኢሞ ደውላ ነበር። በልተሻል? አለችኝ። በልቻለሁ አልኳት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ድምፁ ሲበረታ ስልኩን ወደ ጣሪያው ታነሳልኛለች፣ እንደምወደው ስለምታውቅ።

እጠይቃታለሁ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር። ይህን የሚያህል ጥያቄ ግን በምን ይጀመራል? «እትዬ» ተብሎ?